ትዝታ እየዘፈኑ ማሳቅ፦ ከጅቡቲ መድረክ እስከ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የአማርኛ ዘፈን ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፒኬ 12 ተሰልፈው ጭነት ከሚጠብቁት የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ጋቢና ይሰማል። እንጀራ ከሚቀርብባቸው ምግብ ቤቶች ይሰማል። ማታ ማታ ደግሞ የኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ ላይ ካሉት ጭፈራ ቤቶች ይሰማል። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ታዲያ ምርጫው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ትዝታ። ሾፌሩም፣ አስተናጋጇም፣ ከአሊ አዴ ወይም ከሆል ሆል ለጉዳይ ከተማ የወጣው ስደተኛም እኩል አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ።

ዛሬ በዚህ ገጽ ስለዚሁ አንገት ስለሚያስደፋ ዘፈን ልናወጋችሁ ነው። የምናወጋው ግን ስለ ማስለቀሱ አይደለም፤ ያንንማ ማን ያጣዋል? የምናወጋው ስለ ማሳቁ ነው። በእኛ ምድርም ሆነ እዚህ በጅቡቲ፣ አሳዛኙን ዘፈን መሐል አስቀምጠው ዙሪያውን በቀልድ የሚያጥሩ መድረኮች ኖረዋል። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለውን የምሽት ጨዋታ ካባሬ ይሉታል። ሰው ጠረጴዛ ከብቦ፣ ዘፋኙ ከፊቱ ቆሞ፣ አንዴ እያስለቀሰ አንዴ እያሳቀ የሚያመሽበት ቤት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስሙ አዝማሪ ቤት ነው። ሶማልኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ደግሞ ዘፈንና ቴያትር የተቀላቀለበት ሪዋያድ አለ።

ኀዘንና ሳቅ እንዴት ተስማምተው አንድ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ? ነገሩስ ድንኳን ውስጥ ለሚኖር ሰው ምን ይጠቅመዋል? ከቅርቡ እንጀምር።

መኪና ሲበላሽ የተወለደ ዘፈን

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ሶማሊላንድ፣ ኢትዮጵያና ጅቡቲ በሚዋሰኑበት ምድር አብዲ ዴቅሲ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰው የሚያውቀው ግን «ሲኒሞ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ ሲኒማ ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ጨዋታ አዋቂ ነበርና።

እንደሚተረከው ከሆነ አንድ ቀን መኪናው በረሃ መሐል ተበላሽታ ቀጥ አለች። ጋራዥ የለ፣ አላፊ የለ። ሲኒሞ ሁሉን ሞክሮ ሲያቅተው ቁጭ ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። ያንጎራጎራት አጭር ግጥም ባልዎ ለሚባለው የዘፈን ዓይነት መነሻ ሆነች። ቃሉ ራሱ መከራና ጣጣ ከሚለው ጋር ይዛመዳል። ነገሩን ልብ በሉልኝ፦ ሰውየውን ያስመረረው የተበላሸ ሞተር ነው፤ ከአፉ የወጣው ግን በፍቅር የተቃጠለ ሰው እሮሮ ነው። የሰማው ሁሉ አዘነም፣ ሳቀም።

ባልዎ ከቦረማ አካባቢ ተነስቶ ወደ ከተሞቹ ሲገባ ወጣቱ ተቀበለው። ግጥሙ አጭር ነው፤ ሁለት ስንኝ ብትሆን ነው። ማንም ሰምቶ ወዲያው ይይዛታል፤ በማግስቱ ሌላ ከተማ ትደርሳለች። ወንድና ሴት አብረው ይዘፍኑታል ተብሎ የሃይማኖት ሰዎች አጥብቀው ተቃወሙት። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ዘፋኞች አንዷ የነበረችው ኻዲጃ ደግሞ የዘፈኑ ስም ከስሟ ጋር ተጣብቆ «ኻዲጃ ባልዎ» ተብላ ቀረች። ከዚያ ዑዱ መጣ፣ ከበሮው ተጨመረ፣ ሬዲዮ ተከተለ። ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ከታክሲ የምንሰማው የሶማልኛ የፍቅር ዘፈን ብዙው የዚያች የተበላሸች መኪና የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኀዘኑ በቃል፣ ቀልዱ በድንገት

ዘፈኑ አድጎ ቴያትር ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩ ይበልጥ የሚጥመው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሶማልኛ ቴያትር ሕዝብ የሚጎርፍለት መዝናኛ ነበር። ለምሳሌ የሐሰን ሼክ ሙሚን «ሸቤልናጎድ» እ.ኤ.አ. በ1968 ሞቃዲሾ ላይ ታየ። ትርጉሙ «በሴቶች መሐል ያለ ነብር» እንደማለት ነው። በማግባት ስም ሴቶችን እያታለለ ስለሚያጠፋ ሰው የሚናገር ሲሆን በ1974 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል።

የዚህ ቴያትር አሠራር እንዲህ ነው። የቁም ነገሩና የኀዘኑ ክፍል በግጥምና በዘፈን ይቀርባል። ግጥሙን ተዋንያኑ በቃላቸው ይይዙታል፤ አንዲት ቃል አትነካም። ተራው ንግግርና ቀልዱ ግን አይጻፍም። ደራሲው የታሪኩን አካሄድ ብቻ ይነግራቸዋል፣ እነሱ መድረክ ላይ እንደ ተመልካቹ ሁኔታ ይፈጥሩታል። ዛሬ ያሳቀ ቀልድ ነገ ላይደገም ይችላል። ዘፈኑ ግን ነገም ያው ነው። ኀዘኑ በቃል የተያዘ፣ ሳቁ በድንገት የሚመጣ ማለት ነው።

ጅቡቲም ከዚህ ባህል ውጪ አልነበረችም። ቴያትር ዴ ሳሊን የሚባለው ጣራ አልባው መድረክ ሕዝቡ በምሽት ንፋስ ትርዒት የሚያይበት ቦታ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻ ከወጣች በኋላ «ካትር ማርስ» የመሳሰሉ ትልልቅ ቡድኖች ተቋቁመው ለዓመታት ተጫውተዋል። ሥራቸው በጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መዝገብ ቤት፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ የቴፕ ክሮች ጋር ተጠብቆ ኖሯል። ኦስቲናቶ የተባለ የኒውዮርክ አሳታሚ በ2021 የካትር ማርስን ዘፈኖች ከዚያ መዝገብ አውጥቶ ለዓለም አሰምቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ የጣቢያውን የሙዚቃ ቡድን አዲስ ቅጂ አውጥቶ ነበር።

አዝማሪ ቤት፦ ነገሩ ሲገለበጥ

ወደ እኛው ቤት ስንመጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። አዝማሪ ቤት ውስጥ ቋሚው ዜማው ነው፤ ግጥሙ ግን የዚያች ሌሊት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ አራቱን ቅኝት የማያውቅ አዝማሪ የለም። ስማቸውን ብቻ ስታዩት እንኳ መንገድ ይመስላሉ። አምባሰል የወሎ አገር ነው። ባቲ ከጅቡቲ ጭና በሚሌ በኩል ወደ ደሴ የምትወጣ መኪና አልፋት የምትሄደው ከተማ ናት።

የአዝማሪ ቤት መሣሪያ ቀላል ነው። አንድ ማሲንቆ፤ ያውም ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት ክር ያላት። ብዙ ጊዜ ወንዱ ይገዘግዛል፣ ሴቷ ትዘፍናለች፤ ባልና ሚስት የሆኑም ሞልተዋል። ጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ መንደሮች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ በማውረድ ይታወቃሉ። አዝማሪው በጠረጴዛዎቹ መሐል እየዞረ እንግዳውን ያያል፦ ማን ጸጉሩ ሳስቷል፣ ማን አዲስ ጫማ አድርጓል፣ ማን ከማን ጋር መጥቷል፣ ማን ብቻውን ተቀምጧል። ከዚያ በዚያው በትዝታ ዜማ፣ በዚያው አንጀት በሚበላ ድምፅ፣ መላጣውን በመላጣነቱ፣ ቆንቋናውን በቆንቋናነቱ ያነሳዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የተሰደበው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ ስቆ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ለመሰደብ የሚከፈልበት ቤት ሌላ የት አለ?

ይህ ብቻ አይደለም፤ እንግዳውም ገጣሚ ነው። «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው «እሺ ጌታዬ» ብሎ ጆሮውን ይሰጣል። እንግዳው ሁለት ስንኝ ይነግረዋል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጥበብ። ጥግ ይዞ የተቀመጠ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች ወይም እናቱን ሳይቀብር የቀረ ሰው፣ በራሱ አፍ ሊያወጣው የማይችለውን ነገር በሌላ ሰው አፍ ተዘፍኖ ይሰማዋል። መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ዓይኑን ይጠርጋል። ሰዉ ግን ያየው ሲስቅ ነው፤ ክብሩ አልተነካም።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሳው አንዷ ሜሪ አርምዴ ናት። ክራሯን ይዛ፣ ሰምና ወርቅ እየፈተለች፣ ሰሚው «አሁን ምን አለች?» እያለ እርስ በርሱ እንዲተያይ ታደርግ ነበር። ሌላዋ አስናቀች ወርቁ ናት። አስናቀች ተዋናይም ዘፋኝም ነበረች፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ቴያትር የሠራች ናት። ቴያትሩን ስታቆም ክራሩ ቀረላት። ስላጣችው ፍቅር ስትዘፍን የተዋናይ ፊቷ አብሮ ይሠራል፤ ዓይኗ ይቀልዳል፣ ድምፅዋ ያለቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 አርፋለች። ሥራዋ ግን ኤትዮፒክ በተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ስለ ሕይወቷ ፊልም ተሠርቶላታል።

ኮሜዲያኗ ዝም ብላ ስትቆም

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ነው እንዳንል ባሕር ማዶም ተመሳሳዩ አለ። የካባሬ ቤት በፓሪስ ሞንማርትር ሰፈር በ1881 በተከፈተው «ጥቁሯ ድመት» ስም ይታወቃል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ፍቅር ያልመለሰለትን ሰው «ችቦ እንደያዘ ቀረ» ይሉታል፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዘፈንም «የችቦ ዘፈን» ተባለ።

ፋኒ ብራይስ የምትባል ኮሜዲያን ነበረች። ሥራዋ ፊቷን አጣሞ፣ ዓይኗን አፍጥጦ ማሳቅ ነው፤ ኒውዮርክ ብቅ ስትል ሰው ገና ሳትናገር ይስቅ ነበር። በ1921 ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ አንድ የፍቅር እሮሮ እንድትዘፍን ሰጧት። ባልዋ ከእስር ቤት ጉዳይ ጋር ስሙ የሚነሳ ሰው መሆኑን ተመልካቹ ከጋዜጣ ያውቃል። ያቺ አሳቂ ሴት ያን ቀን አላጣመመችም፣ አላፈጠጠችም፤ ዝም ብላ ቆማ ዘፈነች። አዳራሹ አለቀሰ። ያለቀሰውም ሁልጊዜ የምታስቀው እሷ ስለነበረች ነው። ሳቁ መንገዱን ባይጠርግለት ኖሮ እንባው ያን ያህል ባልመጣ ነበር።

የቀልድ ዋጋ

ይህን ሁሉ ስናወጋ ግን ነገሩ ተራ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል። አዝማሪ በአገራችን ብዙ የከፈለ ሰው ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ካሳደዳቸው ሰዎች መሐል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ይገኙበታል። ጠመንጃ አልያዙም፤ የያዙት ማሲንቆ ነው። ነገር ግን ሰውን እያሳቁ «ጣልያን ይወጣል» ማለት ይችሉ ነበር፣ ያ ደግሞ ለጠላት ከጥይት አያንስም።

በደርግ ዘመን ደግሞ ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ገደለው። በጊዜ ቤትህ ግባ በተባለበት ከተማ አዝማሪ ቤት ምን ያደርጋል? ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰዓት እላፊው ሲነሳ አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶቹ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ከእነሱ አንዱ ፈንድቃ ነው። እስክስታ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እየመራው የባህል ማዕከል ሆነ፣ ስሙም ውጭ አገር ድረስ ተሰማ። በ2017 ዓ.ም. ታዲያ የካዛንቺስ ሰፈር ለመልሶ ግንባታ ሲነሳ የፈንድቃ ቤትም ፈረሰ። ጨዋታው ግን አልፈረሰም፤ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ቀጠለ።

እኛ ስደተኞች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ቤት ይፈርሳል፤ ሰው ከቤቱ ይወጣል። ጭብጨባው፣ ዜማውና «ተቀበል» የሚለው ቃል ግን በኪስም በሻንጣም ሳይያዝ ድንበር ይሻገራል። ፍተሻ ላይ አይገኝም።

ለእኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ካምፕ ውስጥ ትዝታ እንዴት ነው የምንሰማው? ብዙዎቻችን በስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ለብቻችን፣ ሌሊት። ሙቀቱ እንቅልፍ ሲከለክል ይከፈታል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ጠዋት ስንነሳ ራሳችን ከብዶ እንነሳለን። ትዝታ ለብቻ ሲሰማ ይቆልላል እንጂ አይቀንስም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁታል። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ምን ሊያደርግ ይሄዳል? መጀመሪያ አብሮ ያለቅሳል። ሲመሽ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ሐዘንተኛውን «ማጫወት» ይባላል። ማጫወት ነው ቃሉ። አንዱ የሟችን ቀልድ ያነሳል፣ ሌላው ድሮ የሆነውን ይጨምራል፣ ባለሐዘኑም ሳያስበው ፈገግ ይላል። ማንም «ምነው ሳቀ?» አይለውም። ሳቁ ሟቹን መርሳት አይደለም፤ ሐዘኑን ለብዙ ሰው ማሸከም ነው።

ስለዚህ እኛ የምንለው፣ ትዝታውን ከጆሮ ማዳመጫ አውጥተን ወደ ሰው መሐል እናምጣው ነው። ለዚህ አዳራሽ አያስፈልግም፣ መብራት አያስፈልግም፣ በጀትም አያስፈልግም። ማሲንቆ ከጠፋ ጀሪካን ከበሮ ይሆናል። የሚያስፈልገው አንድ የሚል፣ አንድ የሚቀበል፣ አሥር የሚያጨበጭቡ ሰዎች ብቻ ናቸው። ግጥሙ ከየት ይመጣል ለምትሉን፣ ዙሪያችሁን እዩ። ለማሳያ እኛው ለዚህ ገጽ የገጠምናትን እነሆ፤ በትዝታ ዜማ ሞክሯት፦

ድንኳኑን ያየ ሰው ሰርግ ነው ይለኛል፣
ሙሽራው ሳይመጣ ስንት ዓመት አልፎኛል።

ሰሙ ሰርግ ነው። ወርቁን እናንተው ታውቁታላችሁ። ድንኳን በአገራችን ለሰርግ ይተከላል፣ ለለቅሶም ይተከላል፤ በሦስተኛው ቀን ይነቀላል። የእኛ ግን ተተክሎ ቀረ። ሙሽራው አንዱ ጋ ወደ አገር መመለሻ ነው፣ ሌላው ጋ የጉዳዩ መልስ፣ ሌላዋ ጋ በባሕር ተሻግሮ ድምፁ የጠፋ እጮኛ። ስንኟ ሁለት ናት፤ የሚገባባት ሰው ግን ብዙ ነው።

ሁለት ነገር ግን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ቀልዱ በራስ ይጀመር። አዝማሪ እንግዳውን ከመስደቡ በፊት ድህነቱን፣ ድምፁን፣ ሚስቱን ያነሳል፤ ፈቃድ የሚያገኘው በዚያ ነው። ካምፕ ውስጥ ከብዙ ብሔርና ከብዙ ሃይማኖት የመጣን ነን፤ በሰው ዘርና በሰው እምነት የሚቀለድ ቀልድ ድንኳን ያቃጥላል እንጂ አያስቅም። በውኃ ወረፋ፣ በራሽን ዱቄት፣ በሙቀቱ፣ በየሰው ማንኮራፋት መቀለድ ግን ለሁላችንም ይበቃል። ሁለተኛ፣ አዲስ መርዶ ያለበትን ቤት እንለይ። በባሕር የሞተበት ሰው ገና እንባው አልደረቀም፤ ለእሱ መጀመሪያ ለቅሶው፣ ቀጥሎ ማጫወቱ። ቅደም ተከተሉን ትልልቅ ሰዎቻችን ያውቁታልና እነሱን መጠየቅ ነው።

ሶማልኛና አፋርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችንም ቢጠሩ ደስ ይለናል። እነሱም የመኪናው ሾፌር ወራሾች ናቸው። በሁለት ስንኝ መግጠም እነሱም ያውቁበታል፤ የጎደለውን አስተርጓሚ ይሞላዋል፣ አስተርጓሚው ሲሳሳት ደግሞ ያ ራሱ አንድ ቀልድ ነው።

በያላችሁበት ይህን ጨዋታ ሞክራችሁ ጥሩ ስንኝ ከወጣችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልን። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ጥሩ ጥሩዎቹን በዚሁ ገጽ እናወጣቸዋለን።

እስከዚያው፣ ተቀበሉ!